ስለ ቍጥርና ስለ ሰው

አባቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ መድኃኒቱን የሚፈልገው ራሱ በሽተኛው ነበር። ሰውየው ትል እንደ ያዘው በራሱ ዐይን አይቶ ያውቃል፤ የኮሶው አበባ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይቀርብለታል፤ እርሱም ፊቱን አጨማድዶ ይጨልጠዋል፤ ያን ዕለት ከቤቱ ሳይወጣ ይውላል። ሕመሙን የሚያውቀው እርሱ፣ ምሬቱን የሚቀምሰው እርሱ፣ መዳኑንም የሚመሰክረው እርሱ ነበር። መዝገብ አያስፈልገውም፤ ሪፖርትም የሚጠይቀው የለም።

በዛሬው ዘመን ግን የሆድ ትል መድኃኒት ለብዙ ሕዝብ የሚሰጠው በሌላ መንገድ ነው። የጤና ሠራተኛው ወይም አስተማሪው ክኒኑን ይዞ ወደ ልጆቹ ይሄዳል እንጂ ልጆቹ ወደ እርሱ አይመጡም። ትል አለብህ ወይ ብሎም አይመረምርም። ስማቸው በመዝገብ የተጻፈው ሁሉ ተራ በተራ እየቀረቡ ይውጣሉ፤ በስማቸውም ትይዩ ምልክት ይደረጋል። አገራችንም ይህን ሥራ በትምህርት ቤቶች በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ቀድሞ አንድ ሰው በሆዱ ያውቀው የነበረውን ነገር እኛ ዛሬ በቍጥር እናውቀዋለን ማለት ነው። ከዚህም አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ለሺህና ለሚሊዮን በአንድነት የሚሰጥ መድኃኒት መልካም መሆኑን የሚነግረን ቍጥር ከሆነ፣ ቍጥር የማያየውን ሰው ማን ያየዋል?

መጀመሪያ ለቍጥር የሚገባውን ክብር እንስጥ። ወስፋትና መንጠቆ ትል የሚተላለፉት በሰው ዐይነ ምድር በተበከለ አፈር ነው። መንጠቆ ትል በባዶ እግር በኩል ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከአንጀት ላይ ተጣብቆም ደም ይመጣል። ደሙ ያነሰው ልጅ ግን ሕመሙን ሁልጊዜ አያውቀውም። በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል፤ በጨዋታ ላይ ወደ ኋላ ሲቀር ፈሪ ይባላል፤ እርሱም ሰነፍና ፈሪ ነኝ ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለውን ልጅ ለይቶ ለማግኘት የእያንዳንዱን ልጅ ዐይነ ምድር በማይክሮስኮፕ መመርመር ያስፈልጋል። ዳሩ ግን ምርመራው ከክኒኑ ብዙ እጥፍ ያስወጣል፤ ባለሙያውም በየመንደሩ አይገኝም። ክኒኑ ደግሞ ትል የሌለበትን ልጅ እምብዛም አይጎዳም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሥርዐት አወጣ፤ ይኸውም ከየአካባቢው ጥቂት ልጆች ይመረመራሉ፤ ከመቶው 20 ወይም ከዚያ በላይ ትል ከተገኘባቸው የዚያ አካባቢ ልጆች ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘባቸው በዓመት ሁለት ጊዜ መድኃኒቱን ይውሰዱ የሚል ነው። በ2001ም የዓለም የጤና ጉባኤ፣ አደጋው ካለባቸው የተማሪ ዕድሜ ልጆች ከመቶ 75 የሚሆኑት ቢያንስ እስከ 2010 ድረስ መድኃኒቱን እንዲያገኙ መንግሥታትን አሳሰበ።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ አንድ የግብረ ገብ ሐሳብ አለ። ጤነኛው ልጅ ለታመመው ጓደኛው ሲል ክኒን ይውጣል። የሁሉም ሆድ ሲጸዳ አፈሩም እየጸዳ ስለሚሄድ ጤነኛውም ቢሆን ይጠቀማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ታማሚውን ለይቶ ብቻውን ከማቆም ሁሉም አብረው ቢሰለፉ ለእርሱም ኀፍረት ይቀርለታል።

ነገር ግን ወሰኑን እንመልከተው። በአንዱ መንደር ከመቶ 21 ልጆች፣ በጎረቤቱ መንደር ከመቶ 19 ልጆች ትል ተገኘባቸው እንበል። የመጀመሪያው መንደር ልጆች ሁሉ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ የሁለተኛው መንደር ልጆች ግን የሚታከሙት አንድ በአንድ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ብቻ ነው። በ21 እና በ19 መካከል ያለው ልዩነት ለመንደሩ ልዩነት ነው፤ በሁለተኛው መንደር ሆዱን ይዞ ለሚያድረው ልጅ ግን ምንም ልዩነት የለውም። ይህን የምለው ወሰን አይኑር ለማለት አይደለም። ገንዘቡ የተወሰነ ስለ ሆነ ወሰኑ አንድ ቦታ መቆም አለበት። ወሰን ያቆመ ሰው ግን ከወሰኑ ወዲያ የቀረው ሰው አለመኖሩን ሳይሆን አለመቈጠሩን ማስታወስ ይገባዋል።

ቍጥር ከሚሸፍናቸው ነገሮች የመጀመሪያው በአማካይ ውስጥ የሚጠፋው ሰው ነው። በኬንያ፣ ከዩጋንዳ ድንበር አጠገብ፣ ቡስያ በሚባለው አገር በ1998 አንድ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። 75 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሦስት ተከፍለው፣ ከ30,000 የሚበልጡ ተማሪዎች የትል መድኃኒት በየተራ እንዲያገኙ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ 25 ትምህርት ቤቶች በ1998፣ ሁለተኛዎቹ በ1999፣ ሦስተኛዎቹ በ2001 ጀመሩ። አስቀድሞ በተደረገው ምርመራ ከመቶ 92 ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ዐይነት ትል ነበረባቸው። ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር፣ ውጤቱን በ2004 አሳተሙ። መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች ከትምህርት የመቅረት ልማድ በአንድ አራተኛ ያህል ቀነሰ፤ መድኃኒቱን ያልወሰዱ ልጆችም ሳይቀሩ ተጠቀሙ አሉ። የፈተና ውጤት ግን አለመሻሻሉን አልሸሸጉም።

በሌላ ወገን ደግሞ፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ማኅበር በ2015 ባወጣው ጽሑፍ 45 ጥናቶችን መረመረ። ከእነርሱም አንዱ በሰሜን ሕንድ በአንድ ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ላይ የተደረገ ነበር። መርማሪዎቹ የደረሱበት ሐሳብ፣ ትል እንዳለበት ተመርምሮ የታወቀ ልጅ ቢታከም ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ ሳይመረመሩ ለሁሉም ቢሰጥ ግን በአማካይ ክብደትም፣ ደምም፣ ትምህርትም መሻሻሉ አይታይም የሚል ሆነ። በዚህ ምክንያት በሊቃውንቱ መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን ድኻን ጨከናችሁበት ሲል፣ ሌላው ወገን የማይጠቅም ነገር ትሸጣላችሁ አለ።

እኔ በዚህ ሊቃውንት በሚከራከሩበት ነገር ዳኛ ልሆን አልችልም። ነገር ግን አማካይ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ማንም ተማሪ ሊያስተውለው ይችላል። ትል በሰው ሁሉ ላይ እኩል ተከፋፍሎ አይኖርም፤ የሚበዛው ትል የሚገኘው በጥቂት ሰዎች ሆድ ውስጥ ነው። አሥር ልጆች ክኒን ዋጡ እንበል። ስምንቱ ትል የላቸውም፣ ወይም ያላቸው ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ግን ሆዳቸው በትል ተሞልቷል። ከመድኃኒቱ በኋላ ሁለቱ አንዳንድ ኪሎ ቢጨምሩ፣ ስምንቱም እንደ ነበሩ ቢቀሩ፣ የአሥሩ አማካይ ጭማሪ 200 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ 200 ግራም ምን ይረባል ብሎ ሥራውን የሚያጥላላው ሰው ሁለቱን ልጆች አላያቸውም። ልጆች ሁሉ 200 ግራም ጨመሩ ብሎ የሚፎክረው ሰውም ስምንቱን አላያቸውም። 200 ግራም የጨመረ ልጅ ከአሥሩ መካከል አንድ ስንኳ የለም። ሁለቱም ሰዎች የተናገሩት ቍጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ከዚሁ ክርክር ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ሚጌልና ክሬመር የሰበሰቡትን ቍጥርና ያሰሉበትን መንገድ ለሌሎች መርማሪዎች አስረከቡ። በለንደን የሚገኙ የሕክምና መርማሪዎችም አንድ በአንድ ደግመው ቢያሰሉት፣ በተለይ በጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስለ ደረሰው ጥቅም በተሠራው ሒሳብ ውስጥ ስሕተት አገኙ፤ ይህንንም በ2015 አሳተሙ። ባለቤቶቹ የሒሳቡን ስሕተት አመኑ፤ ዋናው ሐሳባችን ግን አይናወጥም ብለው ተከራከሩ። ክሬመር በ2019 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ በኢኮኖሚ ትምህርት የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ለእኔ ግን ከሽልማቱ የሚበልጥብኝ መዝገቡን ከፍቶ እነሆ መርምሩኝ ማለቱ ነው። መዝገቡን የሚደብቅ ሰው የሚጠብቀው ስሙን ነው፤ መዝገቡን የሚከፍት ሰው የሚጠብቀው የማያውቀውን ልጅ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውም፣ በሩን ከፍቶ ንጋቱን የሚያስገባ ሰው ሲገኝ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ከመቶው ውጭ የቀረው ሰው ነው። በአገራችን ደቡብ ምዕራብ በሚፈሱት ፈጣን ወንዞች አጠገብ፣ በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ቆዳን የሚያሳክክና በመጨረሻም ዐይንን የሚያጠፋ የትል በሽታ አለ። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ይባላል፤ ሠሪው ኩባንያ ሜርክ ለዚህ በሽታ በነፃ እሰጣለሁ ብሎ ያስታወቀው በ1987 ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወሩትን የትሉን ጫጩቶች ያጠፋል እንጂ እናቲቱን አይገድልም፤ እናቲቱም ከ10 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ሕዝቡ መድኃኒቱን ለብዙ ዓመታት እየደጋገመ መውሰድ አለበት። በሽታውን ከሥሩ ለመንቀል ደግሞ በየጊዜው መውሰድ ከሚገባው ሕዝብ ቢያንስ ከመቶ 80 መውሰድ ይገባዋል ይባላል።

አሁን 10,000 ሰው ያለበትን አገር አስብ። በያመቱ ከመቶ 80 ሰው መድኃኒቱን ወሰደ፤ ይህም ዐምስት ዓመት ተደጋገመ። ሪፖርቱ ዐምስቱንም ዓመት 80 ይላል። መድኃኒቱ ያልደረሰው ሰው በያመቱ በአጋጣሚ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ከዐምስት ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወስድ የቀረው ሰው ሦስት ያህል ብቻ ነው። የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ከሆኑ ግን 2,000 ሰው ምንም ሳይደርሰው ቀርቷል። ሪፖርቱ በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ በሁለተኛው አገር ግን ዝንቡ ከእነዚያ 2,000 ሰዎች ትሉን እየቀዳ ለቀሩት ማደሉን አይተውም።

እነዚያው የሚቀሩት እነማን ናቸው? ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ እርሻ የወረደው የቀን ሠራተኛ፣ ከብት ይዞ የተሰማራው እረኛ፣ ትምህርት ቤት ያልገባችው ልጅ፣ ሰውን የሚፈራ ወይም መድኃኒቱን የሚጠረጥር ሰው፣ በቤቱ ታሞ የተኛም ነው። በአጋጣሚ የቀሩ አይደሉም፤ በሌላው ነገር ሁሉ የሚቀሩት እነርሱው ናቸው። የሕዝቡ ቈጠራ አሮጌ ሲሆንማ ከመቶ በላይ የሆነ ውጤት የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ በሰነዱ ላይ የቀረ ሰው የለም፤ በመንደሩ ውስጥ ግን ሞልቷል።

ይህን ሁሉ ሌላውን ለመውቀስ ብቻ እንዳልጻፍሁት እንዲታወቅልኝ የራሴን እናገራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተማሪ ሳለሁ የትል ክኒን የማደል ተራ ደርሶኝ ነበር። በክፍሌ መዝገብ ከተጻፉት ልጆች ዘጠኙ ያን ቀን አልመጡም። ሲመሽ መዝገቡን የሚሰበስበው ሰው በበር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የሌሎቹ ክፍሎች መዝገብ ሁሉ ሞልቶ አየሁ፤ የእኔ ብቻ ክፍት ቦታ እንዲኖርበት አልወደድሁም። ነገ ይመጣሉ፣ ያን ጊዜ እሰጣቸዋለሁ ብዬ ራሴን አታልዬ በዘጠኙም ስም ትይዩ ምልክት አደረግሁ። ዳሩ ግን የተረፈው ክኒን ከመዝገቡ ጋራ መስማማት ስለ ነበረበት ዘጠኙን ክኒኖች በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኋቸው። አንዱ ውሸት ሁለተኛውን ወለደ።

በማግሥቱ ጥቂቶቹ መጡ፤ ሰጠኋቸው። አንድ ልጅ ግን የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ፊቱ ነጥቶ፣ እግሩን እየጎተተ ገባ። የቀረው ሆዱን ታሞ ኖሯል። በዕረፍት ሰዓት ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለሁሉም ክኒን ተሰጠ አሉኝ፤ የእኔስ?» አለኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ። በመዝገቡ ላይ የእርሱ ክኒን ከተዋጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በዚያ ክፍል ውስጥ መድኃኒቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ልጅ እርሱ ነበር፤ እኔም እንደ ታከመ አድርጌ የጻፍሁት እርሱን ነው። ክኒኑን በስውር ብሰጠው ልጁ ይድን ይሆናል፤ መዝገቡ ግን እንደ ዋሸ ይቀራል፤ በመዝገቡ የሚመራውም ሰው በዚያ ክፍል የቀረ የለም ብሎ ያልፋል። ያን ዕለት ክኒኑን በሰው ፊት ሰጠሁትና ወደ ርእሰ መምህሩ ሄጄ ያደረግሁትን ነገርሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ሰርዘህ እውነተኛውን ጻፍ፤ ያልመጡትን ደግሞ ቤታቸው ሄደህ ፈልጋቸው» አለኝ። ቅጣቱ ይኸው ብቻ ነበር። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሞላ መዝገብ ባየሁ ቍጥር «የእኔስ?» የሚለው ድምፅ ይሰማኛል።

ሦስተኛው ለብዙዎች መዳን ሲባል የሚጎዳው ጥቂት ሰው ነው። በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ውስጥ ሎአ የሚባል ሌላ ትል አለ። ይህ ትል በደሙ ውስጥ እጅግ በዝቶ የሚገኝበት ሰው አይቨርሜክቲን ቢወስድ ራሱን እስከ መሳት፣ አልፎ አልፎም እስከ ሞት የሚያደርስ አደጋ ያገኘዋል። በካሜሩን ኦኮላ በሚባለው ወረዳ በ1999 እንዲህ ያለ አደጋ ስለ ደረሰ ዕደላው ቆመ። በዚያን ጊዜ ሁለት ዐይነት መልስ መስጠት ይቻል ነበር። አንደኛው፣ የሚጎዱት ከብዙ ሺህ ጥቂቶች ናቸውና ሥራው ይቀጥል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው እንኳ ከሚጎዳ ሁሉም ይቅርበት ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥቂቶቹን ለብዙዎቹ ይሠዋል፤ ሁለተኛው ብዙዎቹን ለጥቂቶቹ ሲል ይተዋል።

ሊቃውንቱ ግን ሦስተኛውን መንገድ ፈለጉ። ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጠብታ ደም ውስጥ የትሉን እንቅስቃሴ አይቶ በጥቂት ደቂቃ የሚቈጥር፣ በእጅ ስልክ የሚሠራ መሣሪያ ተዘጋጀ። በ2015 በዚያው በኦኮላ 16,259 ሰዎች አንድ በአንድ ተመረመሩ። ከእነርሱ 340ው፣ ማለት ከመቶ ሁለት ያህሉ፣ ትሉ ስለ በዛባቸው መድኃኒቱን እንዳይወስዱ ተደረገ፤ 15,522 ሰዎች ወሰዱ፤ ብርቱ አደጋም አልደረሰም። ይህን ሥራ የሠራው ቍጥር ነው። ቀድሞ ከብዙ ሕዝብ መካከል ጥቂቶቹን የሚሰውረው ቍጥር፣ በዚህ ጊዜ ጥቂቶቹን ለይቶ ለማወቅና ለማዳን ዋለ።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ እንግዲያው ቍጥሩን ትተን በፊታችን ያለውን ሰው ብቻ ብንረዳ አይሻልም ወይ ይል ይሆናል። አይሻልም። በፊታችን ያለው ሰው የሚታየን ስለ ቀረበን ነው፤ የሩቁ ልጅ ጩኸት ከእኛ ጆሮ የሚደርሰው በቍጥር ብቻ ነው። ያለ ቍጥር የምንረዳው የምንወደውን፣ የሚመስለንን፣ የሚያለቅስልንን ይሆናል፤ በዝምታ የሚጎዳው ግን ይረሳል። ስለዚህ ስሕተቱ መቍጠር አይደለም። ስሕተቱ ቈጥሮ ሲያበቁ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንተም ነገ በአንድ ቢሮ ተቀምጠህ ከመቶ ይህን ያህል የሚል ወረቀት ይቀርብልሃል፤ ወይም ራስህ ትጽፈዋለህ። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቅ። መቶው የማን መቶ ነው? ከመቶው ውጭ የቀረው ማን ነው፤ ዐምናስ የቀረው እርሱው አልነበረም ወይ? ይህን የቈጠረው ሰው ባዶ ቦታ ትቶ መጻፍ ሳይፈራ ቈጥሮታል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ አንተን ራስህን የሚመለከት ነው፤ ከበታችህ ያለው ሰው ሙሉ መዝገብ ካላመጣ የምትቈጣ ከሆነ የሚመጣልህ ሙሉ መዝገብ ነው፤ ሰው ግን አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ጉድለቱን የደበቀ መዝገብም እንደዚሁ ነው።

በመዝገቡ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ አትፈረው። በዚያ ክፍት ቦታ የሚጠብቅህ ሰው አለ። ቤቱ የት እንደ ሆነ ጠይቀህ ሂድ።